እንዴት ይሠራል? እርጥቡ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ

ምሳ ተበልቶ ገበታው ሲነሣ የሚተርፈውን እንቁጠር፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ ጥቂት እንጀራ፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ፈላጊ አላቸው። የጎመኑን ግንድ በግ ይበላዋል፣ አተላውን አፈር ይፈልገዋል፣ ሃይላንዱንና ጣሳውን ቆራሌው ይወስዳል። አንድ ፌስታል ውስጥ ተጨምረው አፉ ከታሰረ ግን እስከ ማታ የሁሉም ዋጋ ይጠፋል። ካርቶኑ በአተላው ይርሳል፣ ሃይላንዱ በወጥ ይለቀለቃል፣ ግንዱም የጣሳ ስለት ስለተቀላቀለበት ለበግ አይሰጥም። ከቤት ሲወጣ ሊነካው የሚፈልግ ሰው እንኳ አይገኝም።

የቤታችንን ጉዳት በአካባቢያችን ላይ ለመቀነስ ብዙ ምክር ይሰጣል። ከሁሉም ቀድሞ መምጣት ያለበት አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርጥቡን ከደረቁ መለየት። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ቀላል ስለሆነም ብዙዎች ይንቁታል። ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት በታሰረው ፌስታል ውስጥ የሚካሄደውን ማየት ያስፈልጋል።

በታሰረው ፌስታል ውስጥ

ምግብን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው። አየር ሲያገኙ ኦክስጅን እየተጠቀሙ ልጣጩን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና አፈር መሰል ብስባሽ ይለውጡታል። ይህ ሥራ ፈጣን ነው፤ ብዙም አይሸትም። ፌስታሉ ሲታሰር ግን ውስጡ የቀረችው ጥቂት ኦክስጅን ወዲያው ታልቃለች። አየር ፈላጊዎቹ ይዳከሙና ያለ አየር መኖር የሚችሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይረከባሉ። የእነዚህ ሥራ ዘገምተኛ ነው። መጀመሪያ ጎምዛዛ አሲድ፣ ቀጥሎ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ፣ ውሎ አድሮ ደግሞ ሚቴን ይወጣል።

ሚቴን ቀለምም ሽታም ስለሌለው ማንም አያየውም። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ ሲሰላ፣ እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ 80 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያፍናል። በዚያ ላይ ከእርጥቡ የሚንጠባጠበው ጥቁር ፍሳሽ አለ። ይህ ፍሳሽ ራሱ አሲድ ስለሆነ በመንገዱ ያገኘውን የባትሪ ድንጋይና የቀለም ጣሳ እያሟሟ፣ መርዛቸውን ይዞ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ወንዝም ይገባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው የሚበሰብስ ነገር ነው። ከተማዋን የሚያሸታት፣ መኪናውን የሚያከብደው፣ ሌላውንም የሚያበላሸው ይህ ክፍል ነው። ችግሩ ግን መበስበሱ አይደለም። የተፈጥሮ ሥራው ነውና መበስበሱ አይቀርም፤ የሚወስነው የት እንደሚበሰብስና አየር ማግኘት አለማግኘቱ ነው።

ገንዳው ከሞላ በኋላ

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እኛ «ጣልነው» ያልነው ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

እዚያው አጠገብ የተሠራው የረጲ የኃይል ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ በማመንጨት በአፍሪካ የመጀመሪያው ተባለ። የታቀደውም በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነበር። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ቆሻሻው ይነዳል፣ እሳቱ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት ያወጣል፣ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል። ሆኖም የድንች ልጣጭ ከ100 እጅ 80 ገደማው ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ እስኪተን ድረስ እሳቱን ይበላል፤ አንድ ሊትር ውኃ ሙሉ በሙሉ ተኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ሙቀት ከሰባት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ስለዚህ ከየጓዳችን የሚላከው እርጥብ ነገር ምድጃው ውስጥ እሳቱን ያዳክማል።

ከአደጋው በኋላ ቆሼን ለማስተካከል የተመረጠው ዘዴም ያንኑ ትምህርት ይሰጣል። ጃፓን ውስጥ ፉኩኦካ ከተማ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው። በቆሻሻው ሥር የተበሳሱ ቧንቧዎች በድንጋይ ታጅበው ይዘረጋሉ። ፍሳሹ በነርሱ ይወጣል፤ ብስባሹ ሲሞቅ ትኩሱ ጋዝ ወደ ላይ ይነሣና በቧንቧው አፍ የውጭ አየር እየተሳበ ይገባል። አየር ስለሚያገኝ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ፍሳሹም ይጠራል። ተራራ በሚያህል ቆሻሻ ላይ በብዙ ወጪ የሚሠራውን ይህን ሥራ፣ በአንድ ቤት ልጣጭ ላይ የተበሳሳ ባልዲ በነፃ ይሠራዋል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ደረቁን እናሰናብት።

ደረቁ ወዴት ይሄዳል?

ለደረቁ ነገር መንገዱ የተዘረጋው ዱሮ ነው። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጄሪካን፣ አሮጌ ጫማ ይገዛል። «ልዋጭ» የሚለው አሮጌ ልብስ ወስዶ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል። የተሰበሰበው አብዛኛው መርካቶ ይደርሳል። እዚያ ባለው ምናለሽ ተራ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ለተጨማሪ ዓመታት መንገድ ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ለከተማዋ የሚሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፤ ክብርም ይገባቸዋል። እኛ በበኩላችን የምናግዛቸው ዕቃውን ንጹሕና ደረቅ አድርገን በማቆየት ነው። በወጥ የተለወሰ ሃይላንድ ለማጠብ ውኃና ጉልበት ስለሚጠይቅ ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ሳይነሣ ይቀራል።

ከሁሉም የላቀው የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ከነሳጥኑ ተመልሶ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። መቅለጥ የለ፣ አዲስ መሥራት የለ። ባዶውን ይዞ ያልመጣ ማስያዣ ስለሚከፍል ሁሉም ይመልሳል። አሉሚኒየምም እንዲሁ ውድ ነው፤ አሮጌውን ማቅለጥ አዲሱን ከማዕድን ከማውጣት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። የተጣመመውን የአሉሚኒየም ድስት መጣል ኪሳራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለልጆች ማሳየት ከፈለጉ አንድ ሃይላንድ ወስደው ክዳኑን ይንቀሉ። ጠርሙሱንም ክዳኑንም በመቀስ ቆራርጠው ውኃ የያዘ ባልዲ ውስጥ ይጨምሯቸውና በእጅዎ ያማስሉ። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ጠርሙሱ የተሠራበት ፕላስቲክ ከውኃ ይከብዳል፣ የክዳኑ ግን ይቀላል። ሁለቱ አብረው ከቀለጡ ጥሩ ዕቃ አይወጣቸውም። ፋብሪካዎችም የተፈጨውን ፕላስቲክ የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ ይጨምሩታል፣ የተንሳፈፈውን ከላይ ይገፉታል፣ የሰመጠውን ከሥር ያወጡታል።

ፌስታል ግን ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ነው። ስስ፣ ቀላልና ቶሎ የሚቆሽሽ በመሆኑ ለቆራሌ አይረባም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ሁሉ አገደ። «ታዲያ ቆሻሻውን በምን ላውጣ?» የሚለው የብዙ እናቶች ጥያቄ ተገቢ ነው። ፌስታል የሚያስፈልገን ቆሻሻችን ስለሚያንጠባጥብ ነው። እርጥቡ ከወጣለት ደረቁ በጆንያም በካርቶንም ይወጣል፤ ጆንያውም ተራግፎ ይመለሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል ወይም ፕላስቲክ የሚያነዱ ቤቶች አሉ። በዝቅተኛ እሳት የሚነድ ፕላስቲክ ጢሱ መርዛማ ነው፤ መጀመሪያ የሚተነፍሱትም ምድጃው አጠገብ ያሉት እናትና ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ናቸው። የሻይ ቅጠሉ ካርቶን ወይም የሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

እርጥቡ እንዳይተርፍ ማድረግ

እርጥቡን ወደ ብስባሽ ከመቀየር በፊት የሚበላውን መብላት ይቀድማል። እናቶቻችን ይህን ያውቁበታል፤ የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ ከዚያ የበዛው ድርቆሽ። የድርቆሽን አሠራር እንየው። እንጀራ በአብዛኛው ውኃ ነው። አሲድነቱ ብዙ ባክቴሪያ ይከለክላል፤ ሻጋታን ግን ለጥቂት ቀን እንጂ ለብዙ አይመልስም። ሻጋታም ቢሆን ያለ ውኃ አያድግም። እንጀራው በትንንሹ ተቀዶ ንጹሕ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውኃው ይወጣል። ዓይኖቹ ብዙ ስለሆኑ አየር በመሐሉ ያልፋል፤ ቶሎ የሚደርቀውም ለዚያ ነው። በጣት ሲሰብሩት ሳይተጣጠፍ ቀጭ ካለ ደርቋል ማለት ነው። አየር በማያስገባ ዕቃ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። ባሕር ማዶ ላሉ ልጆች በሻንጣ የሚላከውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀላል ነው፣ አይሻግትም።

እንጀራው መድረቅ ያለበት ሳይሻግት ነው። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በፀሐይም በድስትም አይጠፋም። የሻገተውን ለላም መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ መርዙ በወተቷ በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል። የሻገተ እንጀራ ቦታው ብስባሹ ነው።

ባልዲው እንዴት ይሠራል?

አሁን ለሰውም ለከብትም የማይሆነው ቀርቷል። ግቢ ያለው ጥላ ሥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ይበቃዋል፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሁለት ክዳን ያላቸው አሮጌ ባልዲዎች በረንዳው ላይ ይበቁታል። የባልዲዎቹን ሥርና ጎን በጋለ ምስማር ይብሱ፤ አየር በጎን ይገባል፣ ትርፍ ውኃ በሥር ይወጣል። ከሥራቸው ትሪ ያድርጉ።

ባክቴሪያዎቹም እንደ እኛ ገበታ ይፈልጋሉ፤ እንጀራም ወጥም። እንጀራቸው ካርቦን ነው፤ በደረቁ ቅጠል፣ በጭድ፣ በሰጋቱራ፣ በተቀደደ ካርቶን ውስጥ አለ። ወጣቸው ናይትሮጅን ነው፤ በልጣጩ፣ በአረንጓዴው ቅጠል፣ በቡና አተላው ውስጥ ይገኛል። የሚስማማቸው 25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ነው። በጓዳ ስሌት ግን አንድ ጣሳ ልጣጭ ሲጨመር ሁለት ጣሳ ደረቅ ነገር ማልበስ ማለት ነው። የብዙ ሰው ባልዲ የሚሸተው ወጡ ስለበዛ፣ እንጀራውም ስላነሰ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥሩ ላይ አራት ጣት ያህል ደረቅ ነገር ያነጥፉ። ልጣጩን በትንንሹ ቆራርጠው ይጨምሩ፤ ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ባክቴሪያ የሚያርፍበት ገጽ ይሰፋል። ወዲያው ደረቁን ያልብሱት፤ ዝንብ የምትመጣው ለተገለጠ እርጥብ ነውና። መጀመሪያ ላይ አንድ ጭብጥ የጓሮ አፈር ይጣሉበት፤ ሠራተኞቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሳምንት አንዴ ከሥር ወደ ላይ ያገላብጡ። የቡና አተላ ግሩም ነው፤ ከ100 እጅ ሁለት ገደማው ናይትሮጅን ነው። ደቃቅ ስለሆነ ግን ብቻውን ከተከመረ ይጋገርና አየር ይዘጋል፤ መበተን አለበት። አመድ አንድ ጭብጥ ብቻ ይበቃል፤ ሲበዛ ናይትሮጅኑን በአየር ያስመልጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይቱ ምክንያት ሥራ ያዘገያል፤ ጥቂት ብቻ ይሁን። የጫት ገረባ ያለበት ቤት እንጨቱን ሰባብሮ ይጨምረው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ግን አይግቡ፤ አይጥና ውሻ ይጠራሉ።

ርጥበቱን ለማወቅ ከመሐል አንድ ጭብጥ ያንሡና ይጭመቁት። እፍኝዎን ሲከፍቱ ሳይፈረካከስ ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ በጣትዎ መሐል ጠብታ ካልፈሰሰ ወይም ቢበዛ አንድ ሁለት ጠብ ካለ ልክ ነው። ውኃ ከወረደ ደረቅ ይጨመርበት፤ ብትን ብሎ ከወደቀ ውኃ ይረጭበት። ክረምት ላይ ይሸፈን፣ በጋ ላይ ይረጠብ።

ሽታውም ያሉበትን ይነግርዎታል። የተበላሸ ዕንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ያገላብጡ፣ ደረቅ ይጨምሩ። አፍንጫ የሚወጋ የሽንት ዓይነት ሽታ ከሆነ ናይትሮጅን በዝቷል፤ አሁንም ደረቅ ይጨምሩ። ምንም ሳይሸት፣ ምንም ሳይለወጥ ከቆየ ጠምቶታል።

ግቢ ውስጥ የተከመረው ስፋቱም ቁመቱም አንድ ሜትር ከደረሰ በራሱ ይሞቃል። መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ እጅ አያስገባም። ሙቀቱ የባክቴሪያዎቹ የሥራ ሙቀት ነው። የአረም ዘርና ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በዚህ ይሞታሉ። ባልዲው ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል አይሞቅም፤ በዝግታ ይሠራል እንጂ አይከሽፍም። ስለዚህም የታመመ ተክልና ዘር ያፈራ አረም ባልዲ ውስጥ አይጨመርም። አንዱ ባልዲ ሲሞላ በሁለተኛው ይጀምሩ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ጠቁሮና ላልቶ፣ አፈር አፈር ይሸታል። አንድ እጁን ከሦስት እጅ አፈር ጋር ቀላቅለው ቃሪያ፣ ጎመን፣ በሶብላ ወይም ጤና አዳም ይትከሉበት። የተሰነጠቀው ጄሪካንና ያረጀው መታጠቢያ ሳፋ መትከያ ይሆናሉ።

ይህ እውቀት የራሳችን ነው

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር መስሎ የሚሰማው ካለ የጉራጌን ወይም የሲዳማን የእንሰት ጓሮ ይመልከት። የከብቱ እበት፣ የምድጃው አመድ፣ የምግቡ ተረፈ ምርት በየቀኑ ከቤት ወጥቶ እንሰቱ ሥር ይደፋል። መሬቱ ሳያርፍ፣ ሳይሟጠጥም ብዙ ሕዝብ ሲመግብ ትውልድ ያልፋል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት አተላውን ለከብት ያጠጣል። ከተማ ስንገባ ያጣነው እውቀቱን ሳይሆን ተቀባዩን ነው፤ ላሟም ጓሮውም ሩቅ ቀሩ። ባልዲው ያንን የጎደለ ተቀባይ ይተካል።

ብስባሽ ለማሳም ይበቃል ወይ ለሚል ደግሞ የትግራዩ ሥራ ምስክር ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር ብስባሽ (ኮምፖስት) ማዘጋጀትን አስፋፉ። ኮምፖስት የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት እጅግ የበለጠ፣ በብዙ ቦታም ከፋብሪካ ማዳበሪያ የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ እህል ሰጠ። በዶላር ተገዝቶ ባሕር አቋርጦ የሚመጣውን ማዳበሪያ በከፊል የሚተካው ነገር በየቀኑ ከየጓዳችን እየወጣ ገንዳ ውስጥ ይበላሻል።

«እኔ ብለይ ሰብሳቢዎቹ መልሰው ይቀላቅሉት የለ?» የሚለው ቅሬታ በብዙ ሰፈር እውነት ነው። የ1999ኙ አዋጅ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ነገር በየቤቱ እንዲለይ ያዝዝ ነበር፤ የተለየውን ለይቶ የሚያጓጉዝ መኪናና መቀበያ ግን በየሰፈሩ የለም። ይህንን ማሟላት የወረዳና የከተማ አስተዳደር ግዴታ ነው፤ አጥብቀን ልንጠይቅም ይገባል። ባልዲው ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ልጣጩ ቤት ከቀረ ጭራሹኑ ወደ ገንዳው ስለማይሄድ ማንም ሊቀላቅለው አይችልም። በር ላይ የሚወጣው ደረቅ ብቻ ሲሆን ሰብሳቢዋ ሳትጸየፍ ታነሣዋለች፣ ሚዛን ላይም ዋጋ ታገኝበታለች።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ቡና ሲፈላ አተላውን በአሮጌ ጣሳ ለብቻው ያጠራቅሙ፤ ሃይላንዱን አለቅልቀው በጆንያ ያንጠልጥሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ የቀረውን ቆሻሻ በእጅዎ አንሥተው ካለፈው ሳምንቱ ጋር ያመዛዝኑት። የቀለለውን ያህል ከከተማዋም ላይ ቀልሏል።